ሁለት ውሻ ይዞ መሀል አዲስ አበባ መኖርና እንጦጦ መውጣት፦ ልምድ ያላችሁ ኑ እንወያይ

ቀበና_ማዶ
ጥቅምት 9፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለሁላችሁ። «ሁለት ውሻ ይዘህ መሀል ከተማ እንዴት ትኖራለህ?» የሚል ጥያቄ በየጊዜው ስለሚደርሰኝ አንድ ቦታ ሰብሰብ አድርጌ ልጻፈው ብዬ ነው። እናንተም የምታውቁትን ጨምሩበት፣ በተለይ የእንስሳት ሐኪሞች ካላችሁ።

የምኖረው ቀበና ነው፣ ግቢ ውስጥ ተከራይቼ። ዳማ እዚሁ ሰፈር የተወለደች ቀላ ያለች ቀልጣፋ ውሻ ናት። ቡቺ ከጀርመን ሼፐርድ የተዳቀለ ነው፤ ግዙፍ ነው፣ ሲጮህ ግቢውን ያናውጠዋል፣ ጠባዩ ግን የዋህ ነው። ሁለቱም ጠዋትና ማታ ይወጣሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ እንጦጦ ጫካ እንገባለን።

ከሁሉም በፊት የማምንበትን ልናገር። ውሻን ቀን በሰንሰለት አስሮ ሌሊት መልቀቅ ውሻውንም ሰፈሩንም ይጎዳል። ታስሮ የሚውል ውሻ ሰው ሳይለምድ ያድጋል፤ በሩ ክፍት የተረሳ ዕለት ያገኘውን ይነክሳል። በየቀኑ የሚወጣ ውሻ ግን የወያላውን ጩኸት፣ ጥላ የያዘውን፣ ነጠላ ያጣፋችውን፣ ሸክም የተሸከመውን፣ እየሮጠ ትምህርት ቤት የሚሄደውን ልጅ ሁሉ አይቶ አይቶ ይለምደዋል። ግቢም አይጠብቅም የሚለኝ ሰው ቡቺን ሌሊት መጥቶ ይስማው።

ጠዋት የምወጣው 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፣ ከነጋ በኋላ። ከዚያ በፊት አልወጣም። ጅብ በወንዙ ተከትሎ እስከ እኛ ሰፈር ይወርዳል፤ ለጅብ ደግሞ ውሻ ምግብ ነው። ከቀበና በግንፍሌ አድርገን አራት ኪሎ፣ ከዚያ ወደ ስድስት ኪሎ ወጣ ብለን እንመለሳለን። መንገዱ ከታደሰ ወዲህ የእግረኛው ቦታ ስለሰፋ ሰው ሲመጣ ዳር ይዞ ማሳለፍ ይቻላል። ድሮ እኮ ወይ አስፋልት መውረድ ነው ወይ ከሰው ጋር መጋፋት ነበር። ጃንሜዳን ቅዳሜና እሁድ እተወዋለሁ፤ ኳስ ሲንከባለል አይቶ ዝም የሚል ውሻ የለኝም።

ሁለት ውሻ ማለት የአንዱ እጥፍ ማለት አይደለም። ሁለቱ ሲገናኙ ይደፋፈራሉ፤ ለብቻው ዝም ብሎ የሚያልፈውን ድመት ከጓደኛው ጋር ሲሆን ያባርረዋል። ስለዚህ መጀመሪያ እያንዳንዳቸውን ለየብቻ አስወጥቼ አስለመድኳቸው። «ና»፣ «ቁም»፣ «ተው» የሚሉትን ለየብቻ ሳያውቁ ሁለቱን አንድ ላይ ማውጣት ጉልበት መጨረስ ነው። ማሰሪያቸውንም በአንድ እጅ አልይዝም። ቡቺ በግራ ነው፣ ዳማ በቀኝ። ቡቺ የደረት ማሰሪያ ነው ያለው፤ ቦርሳ የሚሰፋ ባለሙያ ከጠንካራ የሻንጣ ማንጠልጠያ ሰፍቶልኛል። ከውጭ ከሚመጣው አያንስም።

የሰፈር ውሾች ሲከቡን አልሮጥም። ቆም ብዬ የራሴን ከኋላዬ አደርጋለሁ፤ ከዚያ ድንጋይ እንደሚያነሳ ሰው ጎንበስ እላለሁ። የአዲስ አበባ ውሻ ይህን ምልክት የማያውቅ የለም፣ ይበተናል። ችግሩ ዳማም ታውቀዋለች። ጫማዬን ላስር ጎንበስ ስል እንኳን ትንቀጠቀጥ ነበር። ስለዚህ ጎንበስ ባልኩ ቁጥር ከእጄ ቁራሽ ነገር እሰጣት ጀመር፤ ዛሬ ጎንበስ ስል ጭራዋን እየቆላች ትመጣለች።

ወደ ጫካው ልምጣ። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ ነው የምንወጣው። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ነው፣ የእንጦጦ ራስ ከ3,000 በላይ ያልፋል። ዳገቱ ለሰውም ለውሻም ቀላል አይደለም፤ በተለይ አፍንጫቸው ድፍጥጥ ያሉ ውሾች ቶሎ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ውሃ እንይዛለን። የሃይላንድ ጠርሙስ ታች በኩል ሲቆረጥ ጥሩ መጠጫ ይወጣዋል። ከቀበና ወንዝ ግን ጠብታ እንዳይቀምሱ፤ የስንት ቤት ፍሳሽ እንደሚገባበት ሰፈሩ ያውቀዋል።

አንድ ነገር አደራ ልበላችሁ። ጠዋት ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች አሉ። ጀርባቸው ላይ ከራሳቸው ቁመት የሚበልጥ ሸክም አለ፣ መንገዱ ቁልቁለት ነው፣ ያንሸራትታል። ውሻ ዘሎ ቢመጣባቸው መሸሽ አይችሉም፣ ዞር ማለትም አይችሉም፤ ወደ ፊት ይደፋሉ። ውሻችን «ሊጫወት ፈልጎ ነው» ማለት እዚያ ቦታ ትርጉም የለውም። እኔ ከሩቅ ሳያቸው ከመንገዱ ወጥቼ፣ ውሾቹን አስቀምጬ፣ ማሰሪያውን አሳጥሬ፣ እስኪያልፉ እቆማለሁ። «እለፉ እናቴ፣ ይዣቸዋለሁ» እላለሁ። አሁን አሁን አንዳንዶቹ ዳማን በስሟ ይጠሯታል።

---

ካዛንቺስ_ነባር
ጥቅምት 9፣ ከምሽቱ 3፡25

ወንድሜ እጅህ ይባረክ። እኔ የካዛንቺስ ልጅ ነኝ፤ ቤታችን ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ከገባን ወዲህ ሁለት ውሾቼን ሦስተኛ ፎቅ ነው የማኖራቸው። ስንወጣ ሰፈር ውስጥ ብዙ ውሻ ጌታው ጥሎት ሄደ። በፈረሰው ቤት ደጃፍ ቁጭ ብለው የሚጠብቁ ነበሩ። የእኔን ጥዬ አልሄድም ብዬ ነው ያመጣኋቸው፤ ግን ጎረቤት ተማረረብኝ። ሥራ ስሄድ ይጮኻሉ። ኮሚቴውም ጠርቶ አነጋግሮኛል። ምን ይሻላል?

---

ቀበና_ማዶ
ጥቅምት 9፣ ከምሽቱ 3፡50

ስላልጣልካቸው እግዚአብሔር ይስጥህ። ሥራ ከመሄድህ በፊት አውጣቸው፤ ደጅ ለመጸዳዳት ብቻ ሳይሆን በደንብ እስኪደክማቸው። ጠዋት ተራምዶ የበላ ውሻ ይተኛል። ከዚያ ብቸኝነቱን ቀስ በቀስ አስለምዳቸው፦ በር ዘግተህ ለጥቂት ደቂቃ ውጣና ዝም ሲሉ ተመለስ፣ ጊዜውን እያስረዘምክ ሂድ። እየጮኹ ሳለ አትግባ፤ ጩኸቱ ያመጣህ ይመስላቸዋል። በረንዳ ላይ አትተዋቸው፤ ከዚያ የሚያልፈውን ሁሉ ስለሚያዩ አያርፉም። ደረጃው ላይ ደግሞ ሰው ሲመጣ አንተ ነህ ግድግዳ ይዘህ የምታሳልፈው። ኮሚቴውን የክትባት ካርዳቸውን ይዘህ ሄደህ አነጋግራቸው፤ ሰው ወረቀት ሲያይ ፍርሃቱ ይቀንሳል።

---

የእንስሳት_ሐኪም
ጥቅምት 9፣ ከምሽቱ 4፡40

ስለ ክትባት ከተነሳ ልጨምር። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው ይጀመራል፣ ከዚያ በየዓመቱ ይደገማል። ቡችላን የሚገድሉት የፓርቮና የዲስቴምፐር የቫይረስ በሽታዎች ክትባት ግን ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ይጀመርና እስከ አራት ወር ዕድሜ ድረስ ይደጋገማል። ቡችላ ክትባቱን ሳይጨርስ ሌላ ውሻ የሚጸዳዳበት ቦታ አታውርዱት። ፓርቮ አፈር ላይ ለወራት ይቆያል።

አሁን ያለንበት ወቅት ዝናቡ አልፎ ሣሩ የረዘመበት ስለሆነ መዥገር ይበዛል። ከጫካ ስትመለሱ ጆሮ ውስጥ፣ ብብት ሥር፣ በጣቶች መካከል ፈትሹ። መዥገሩን ጋዝ ወይም ክብሪት አታስነኩት፤ በወረንጦ ቆዳው ላይ ተጠግታችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት።

ከሁሉም በላይ ግን ስለ ሳምባ ልናገር። ብዙ ሰው ከሥጋ ቤት ሳምባና የተጣለ ጉበት በርካሽ ገዝቶ ጥሬውን ለውሻ ይሰጣል። በበግና በከብት ሳምባ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያ የኮሶ ትል ዘመድ የሆነ ትል እጭ ነው። ውሻው ጥሬውን ሲበላ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል፤ ከውሻው ፀጉር ወደ ልጃችሁ እጅ፣ ከእጅ ወደ አፍ ይገባና በሰው ጉበት ወይም ሳምባ ላይ ያንኑ ከረጢት ያበቅላል። ብዙ ጊዜ በቀዶ ጥገና ነው የሚወጣው። ውሻው ግን ምንም የታመመ አይመስልም። ስለዚህ ሳምባና ጉበት በደንብ ይቀቀል፣ ከረጢት ያለበት ይቃጠል፣ ውሻው በየጊዜው ፕራዚኳንቴል የሚባለውን የትል መድኃኒት ይውሰድ። መጠኑ በክብደት ስለሆነ ሐኪም ይመዝንላችሁ።

---

ሰናይ_ከፒያሳ
ጥቅምት 10፣ ከጠዋቱ 1፡15

ዶክተር እናመሰግናለን፣ ስለ ሳምባው በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። እናቴ ሳምባውን ለድመቷ ጥሬውን፣ ለውሻው ደግሞ ለብ አድርጋ ነበር የምትሰጠው። ዛሬ ነግሬያታለሁ።

ጥያቄዬ ስለ ጾም ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ ሰፈራችን ያሉት ሥጋ ቤቶች ይዘጋሉ። እኛ እንጹም፣ ውሾቹን ምን እናብላ? እንጀራ ፍርፋሪ በሽሮ ሰጥቻቸው ሆዳቸው ተበላሸ።

---

የእንስሳት_ሐኪም
ጥቅምት 10፣ ከጠዋቱ 2፡05

ሽሮው ውስጥ ያለው ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ነው ትልቁ ችግር። የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራል። ወጥ ለውሻ አይሰጥም፣ ቢቀጥንም። በጾም ጊዜ የሙስሊም ሥጋ ቤቶች ክፍት ናቸው፤ ቁርጥራጩን ገዝታችሁ ቀቅላችሁ በየቀኑ ድርሻው ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት። ከቅንጬ ወይም ከሩዝ ጋር፣ ያለ ጨው፣ ካሮት ብጤ ጨምራችሁበት። እንቁላልም ዓሣም ይሆናል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባለውን ደግሞ ለራሳችን እናድርገው፤ የተቀቀለ አጥንት ይሰነጠቅና ጉሮሮና አንጀት ይወጋል።

---

የሁለት_ልጆች_እናት
ጥቅምት 10፣ ከጠዋቱ 4፡30

ቅር እንዳይላችሁ፣ እኔ ከሌላው ወገን ነኝ። ልጄን ባለፈው ዓመት የጎረቤት ውሻ ነክሶታል። «አይነካም፣ አይነካም» እያሉን ነው የነከሰው። እስከ ዛሬ ውሻ ሲያይ መንገድ መሀል ገብቶ ይሮጣል፣ እኔ የምፈራው እንግዲህ መኪናውን ነው። ሁለት ትልልቅ ውሻ ይዞ የሚመጣ ሰው ስናይ የሚሰማንን አታውቁትም።

---

ቀበና_ማዶ
ጥቅምት 10፣ ከጠዋቱ 5፡00

እህቴ፣ ቅር አይለኝም። እንዲያውም መምጣትሽ ጥሩ ነው። ልጅሽ የሚፈራው በምክንያት ነው፤ ያንን ፍርሃት ማክበር ያለብን እኛ ነን። ልጅ ወደ እኔ ሲመጣ ሳይ መንገድ የምሻገረው እኔ ነኝ። «አይነካም» የሚለውን ቃል አልጠቀምም። «ይዤዋለሁ» ነው የምለው፣ ይዤውም ነው። ቡቺን ሰው በሚበዛበት አፉን ሸፍኜ አስወጣዋለሁ። ነካሽ ስለሆነ አይደለም፤ የሚያልፈው ሰው ይህን ሲያይ ትከሻው ረገብ ስለሚል ነው።

---

ነርስ_ከጉለሌ
ጥቅምት 10፣ ከቀኑ 6፡20

የጤና ባለሙያ ነኝ፤ ንክሻ ከተነሳ ይህን ሁሉም ይወቀው። የተነከሰውን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡት፤ ይህ ራሱ ብዙ ቫይረስ ያስወግዳል። ከዚያ የዛኑ ቀን ጤና ተቋም ሂዱ፤ የተጀመረ ክትባት ሳይጨረስ አይቋረጥ። ውሻው ከተገኘ አይገደል፤ ታስሮ 10 ቀን ይጠበቅ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ሲነክስ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። ከገደላችሁት ግን ይህን ማወቂያ ታጣላችሁ። በዓለም ላይ ሰው ከሚይዘው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶ የሚሆነው ከውሻ ነው የሚመጣው፤ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። ጠበል የሚሄድ ይሂድ፣ ግን ክትባቱን ወስዶ።

---

የሁለት_ልጆች_እናት
ጥቅምት 10፣ ከቀኑ 7፡10

አመሰግናለሁ። እኛ አጥበነው ነበር፣ ግን 15 ደቂቃ እንደሆነ የነገረን አልነበረም። ልጄ ክትባቱን ጨርሷል። ቀበና ማዶ፣ ሁሉም እንደ አንተ መንገድ ቢሻገር ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

---

ሐሚድ_ሜዳ
ጥቅምት 10፣ ከቀኑ 9፡40

አሰላሙ ዓለይኩም። ሙስሊም ጎረቤቶች ላሏችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ውሻ ጠልተን አይደለም የምንሸሸው። የውሻ ምራቅ ልብስ ከነካ ለሶላት ማጠብ አለብን፤ ዉዱእ (የሶላት ትጥበት) አድርጎ ወደ መስጂድ የሚሄድ ሰው ውሻ ቢልሰው ተመልሶ ቤት መሄድ ሊኖርበት ነው። ስለዚህ አዛን ሲል በመስጂድ በር ባታልፉ፣ ወይም በዚያኛው በኩል ብትሄዱ ትልቅ ውለታ ነው። እንስሳው ላይ ግን ክፋት አይፈቀድልንም። የተጠማን ውሻ ያጠጣ ምንዳ እንዳለው ነው የተማርነው።

---

ቀበና_ማዶ
ጥቅምት 10፣ ከቀኑ 10፡15

ወዓለይኩም ሰላም ወንድሜ፣ በጣም አመሰግናለሁ። እንጦጦ ማርያምና ራጉኤል አጠገብ ስንደርስም እንዲሁ ነው፤ ከቅጥሩ ራቅ ብለን ነው የምናልፈው። ጥር 10 እና 11 ደግሞ ታቦታቱ ጃንሜዳ ስለሚወርዱ ያን ሁለት ቀን ወደዚያ አቅጣጫ ጭራሽ አንወጣም።

---

ሯጭ_ልጅ
ጥቅምት 10፣ ከምሽቱ 1፡30

እንጦጦ ጠዋት ለምንለማመድ ሰዎችም አስቡልን። ውሻ የሚሮጥ ነገር ሲያይ ይከተላል። እኛ ከኋላችሁ ስንመጣ ድምፅ እናሰማለን፣ እናንተ ሰብሰብ አድርጓቸው፣ በቃ። አንድ ምክር፦ ጨለማ ሳለ ጫካውን አትግቡ። ከሚገባው በላይ ቀድመን የወጣን ቀን ጅብ መንገዱ ላይ ቆሞ አግኝተን እናውቃለን።

---

ድንኳን_ተሸካሚ
ጥቅምት 10፣ ከምሽቱ 2፡45

እኔ ደግሞ ለገና ባሌ ልሄድ ነው፣ ሳነቴ ላይ ድንኳን ተክሎ ማደር። ሁለቱን ውሾቼን ይዤ ብሄድ ብዬ አስቤ ነበር፣ የሞከረ አለ?

---

የእንስሳት_ሐኪም
ጥቅምት 10፣ ከምሽቱ 3፡30

እባክህ አትውሰዳቸው። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ያለው እኛ አገር ብቻ ነው፣ ሁሉም ተደምሮ 500 አዋቂ አይሞላም፤ አብዛኛው ያለው ባሌ ነው። በ2003 እና 2004 እ.ኤ.አ. ከቤት ውሻ የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ በወብ ሸለቆ የነበሩትን አብዛኞቹን ፈጅቷል። ከዚያ ወዲህ ዲስቴምፐርም ገብቶ ብዙዎቹን ገድሏል። የተከተበ ውሻ እንኳ ጥገኛ ተሕዋስያን ይዞ ይገባል። ውሾችህን ለዘመድ አደራ ሰጥተህ ሂድ፤ ከእነሱ ጋር ማደር ካማረህ ከተማው አቅራቢያ የምታውቀው ገበሬ ካለ በግቢው ድንኳን ትከል።

---

ድንኳን_ተሸካሚ
ጥቅምት 10፣ ከምሽቱ 3፡42

ገብቶኛል ዶክተር። እህቴ ጋ ይቆያሉ።

---

ጋሽ_አራት_ኪሎ
ጥቅምት 11፣ ከጠዋቱ 3፡00

ልጆች፣ እንደምን አደራችሁ። ይህን የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ውሻ ያሳደግኩት በሰንሰለት ነው፣ አባቴም እንዲያው ነበር። በኛ ጊዜ ውሻ ቤት ገብቶ ሲቀመጥ ያየነው በጃንሆይ ቤት ብቻ ነው፤ ሉሉ የምትባል ትንሽ ውሻ ነበረቻቸው። አሁን ግቢዬ ውስጥ አንበሶ የሚባል ጎልማሳ ውሻ አለ፣ ከቡችላነቱ ጀምሮ ታስሮ የኖረ። ይህን የቀበናውን ልጅ ጽሑፍ ካነበቡልኝ ወዲህ እሱን ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል። እንዲህ ያለውን ማውጣት ይቻላል ወይስ አልፎበታል?

---

ቀበና_ማዶ
ጥቅምት 11፣ ከጠዋቱ 3፡40

ጋሼ፣ እንደምን አደሩ። አላለፈበትም። ግን በአንድ ጊዜ መንገድ ላይ አያውጡት፣ ሁሉም ነገር ያስደነግጠዋል። መጀመሪያ ሰንሰለቱን በረጅም ገመድ ይቀይሩለትና በሩ ተዘግቶ ግቢው ውስጥ ይዘውት ይዙሩ፣ በየቀኑ። አንገቱ ሰንሰለቱ የነካበት ቦታ ቆስሎ እንደሆን ይዩት፤ ከቆሰለ የደረት ማሰሪያ ይሻለዋል። እርስዎን ተከትሎ መሄድ ሲለምድ በሩን ከፍተው ደፉ ላይ ቁጭ ብለው መንገደኛውን ይይ፣ ዝም ሲል የሚወደውን ይስጡት። ከዚያ እስከ ጥጉ፣ ከዚያ ሰፈሩን መዞር። ክትባት ከሌለው ሐኪም ግቢ ድረስ መጥቶ ይከትበዋል፣ ይህ ግን መጀመሪያ ይሁን።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ነሐሴ ላይ ቡሄ ሲቃረብ ልጆች ጅራፍ ማጮህ ሲጀምሩ፣ ለዘመን መለወጫም ርችት ሲተኮስ፣ ታስሮ የኖረ ውሻ በፍርሃት ራሱን ሊጎዳ ይችላል። ያኔ ቤት አስገብተው መስኮቱን ዘግተው ሬዲዮ ይክፈቱለት። ዳማን የማሳልፋት በዚህ ነው።

---

ሸገር_መንገደኛ
ጥቅምት 11፣ ከቀኑ 8፡10

ሁሉንም አነበብኩት። እኔን የሚከነክነኝ ግን ሰው በማይጠግብበት ከተማ ለውሻ ሥጋ መቀቀል ነው። ጎዳና ላይ የሚያድር ልጅ በአጠገቡ ስታልፉ ምን ይላል?

---

ቀበና_ማዶ
ጥቅምት 11፣ ከምሽቱ 12፡50

ጥያቄህ ልክ ነው፣ እኔም ሁልጊዜ አስበዋለሁ። የምገዛላቸው ሰው የማይበላውን ቁርጥራጭ ነው። ጎዳና የሚያድሩት ልጆች ግን ካንተ የተለየ ነው የሚነግሩኝ። ድልድዩ አጠገብ የሚያድሩ አሉ፣ እነሱም ውሻ አላቸው፤ ብርድ ሲሆን ተቃቅፈው ነው የሚተኙት፣ ሌሊት የሚጠብቃቸውም እሱ ነው። ዳማን ሳስከትብ የእነሱንም አብሬ አስከትቤዋለሁ፤ ከበላሁት ስሰጣቸውም ለሁለቱም ነው። አንዱን ስላበላሁ ሌላውን የምነፍግ ከሆነ ያኔ ውቀሰኝ።

---

ካዛንቺስ_ነባር
ጥቅምት 12፣ ከምሽቱ 2፡20

ዛሬ ሥራ ከመሄዴ በፊት አንድ ሰዓት ሙሉ አስወጣኋቸው። ጎረቤቴ ማታ ደረጃው ላይ አገኘችኝና «ዛሬ የሉም እንዴ?» አለችኝ። ቅዳሜ ከአንተ ጋር እንጦጦ መውጣት እንችላለን?

---

ቀበና_ማዶ
ጥቅምት 12፣ ከምሽቱ 2፡45

ኑ እንጂ። ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ፈረንሳይ ለጋሲዮን ታክሲ መጨረሻው ላይ እጠብቃለሁ። አራቱን ውሾች ፊት ለፊት አናገናኛቸውም። አንተ በመንገዱ በዚያኛው ዳር፣ እኔ በዚህኛው፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ጎን ለጎን እንሄዳለን፤ መፋጠጥ ሲተዉ ቀስ እያልን እንቀራረባለን። ማሰሪያውን ላላ አድርገህ ያዝ፣ ሲወጠር ይጣላሉ። በሚኒባስ አይጭኗችሁም፤ መኪና ስትጠራ ለሾፌሩ ደውለህ ሁለት ውሻ እንዳለህ አስቀድመህ ንገረው፣ አንሶላም ያዝና ወንበሩ ላይ አንጥፍ። ውሃ፣ የቆሻሻ መያዣ፣ ወረንጦ። ቁርሳቸውን ከመውጣታችሁ በፊት አትስጣቸው፣ ስንመለስ ይብሉ። ጋሼም አንበሶ ግቢውን ሲለምድ ይንገሩኝና እኔና ቡቺ አራት ኪሎ ድረስ እንመጣለን።